ከዋርዱ ጀርባ ይቆፈራል፦ ኮቲቻ መሬትና ሥራ ላይ ያለ ሆስፒታል

ባለፈው ዕትም ስለሚያፈስ ጣሪያ ጽፌ «ሌላም ጥያቄ ካላችሁ ላኩ» ብዬ ነበር። የመጣልኝ ግን ስለ ጣሪያ ሳይሆን ስለ መሠረት ነው። እዚሁ ጅማና አካባቢዋ አንድ ሆስፒታል ማስፋፊያ እየሠራ ነው መሰለኝ፤ ነርሷም፣ ኮሚቴውም፣ ጎረቤቷም ጻፉልኝ። የሆስፒታሉን ስም አላነሣም። የማነሣው መሬቱን፣ ኮቲቻ የምንለውን ጥቁር አፈር ነው።

ለማታውቁኝ፦ መርካቶ ሰፈር የግንበኛ ልጅ ሆኜ ያደግኩ፣ 31 ዓመት ሳይት ላይ የኖርኩ፣ አሁን ጉልበቴ «ደረጃ አልወጣም» ስላለኝ ብዕር የያዝኩ መሐንዲስ ነኝ።

ጥያቄ፦ «ማዋለጃ ክፍል ነው የምሠራው። ከዋርዳችን ጀርባ፣ ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ብቻ ርቆ፣ ለባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቁፋሮ ከተጀመረ ሁለት ወር ሆነ። ጉድጓዱ ሁለት ሜትር ተኩል ይሆናል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያ የሚሄድ ስንጥቅ አለ። የመድኃኒት ክፍሉ በርም አልዘጋ ብሏል። ለፎርማኑ ብነግረው ‹ሲስተር፣ የልስን ስንጥቅ ነው፣ በኋላ ቀለም ይቀባል› አለኝ። እናቶች እዚያው ሥር ነው የሚተኙት። ልፍራ?» (ሲስተር፣ ከጅማ)

ሲስተር፣ ስንጥቁን ብቻ ቢነግሩኝ ኖሮ ብዙም አልደነግጥም ነበር። ያስደነገጠኝ በሩ ነው። የልስን ስንጥቅ በር አያስቸግርም። በር አልዘጋ የሚለው ክፈፉ ከቦታው ሲጣመም ነው፤ ክፈፉ የሚጣመመው ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ነው፤ ግድግዳው የሚንቀሳቀሰው ከሥሩ አንድ ነገር ሲሄድ ነው።

መጀመሪያ ስንጥቁን ይለኩት። የኤቲኤም ካርድዎን ያውጡ። ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው። ካርዱ ካልገባ ስንጥቁ ቀጭን ነው፣ ይከታተሉታል። ሁለት ሦስት ካርድ ተደራርቦ ከገባም ገና ወደ ቀላሉ ወገን ነው። አምስት ሚሊሜትር ከደረሰ ግን፣ ማለትም ስድስት ሰባት ካርድ ከዋጠ፣ ነገሩ ሌላ ነው። በር የሚነክሰው፣ የውሃ ቧንቧም መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ከ25 ሚሊሜትር ካለፈ ከዚያ ክፍል ሰው ይወጣል፣ ወሬ የለም።

ቀጥሎ መስታወት ይለጥፉ። የጣት ርዝመት ያላት ቀጭን የመስታወት ቁራጭ ስንጥቁ ላይ በአግድም ያስቀምጡና ሁለቱን ጫፎች ብቻ በጂፕሰም ይያዙ። መሐሏን አይንኩ። ልስኑ ላይ ሳይሆን ልስኑን ትንሽ ፍቀው ግድግዳው ራሱ ላይ ቢያደርጉት ይሻላል። አጠገቧ በእስክርቢቶ ቀኑን ይጻፉ። መስታወት አይለጠጥም። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ትሰነጠቃለች። ያን ጊዜ «የልስን ነው» የሚል ፎርማን ካለ እጁን ይዘው ወስደው ያሳዩት።

አሁን ወደ ጉድጓዱ። እኛ ኮቲቻ የምንለው፣ ሌላው አገር ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የካቲት ላይ ሜዳው ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታያላችሁ፤ ሐምሌ ላይ ያው ቦታ ጫማ ያስቀራል። የቆየው ዋርዳችሁ እንዲህ ባለ አፈር ላይ ተኝቶ ዘመን የቆየው አፈሩ ከሥሩ ስላልተነካ ነው። ቤቱ ጥላ ሆኖለት፣ ብዙ ሳይደርቅ ብዙም ሳይርስ ኖሯል። ከጎኑ ሁለት ሜትር ተኩል ሲቆፈር ግን ደጋፊው ይሄዳል፤ ፀሐይና ዝናብም በጎን ይገቡበታል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ከቆየው መሠረት የታችኛው ጠርዝ ተነሥተው ወደ ታች በ45 ዲግሪ መስመር ያስምሩ። ቁፋሮው ያንን መስመር መቁረጥ የለበትም። የዋርዱ መሠረት 80 ሴንቲሜትር ቢወርድ (የድሮ የድንጋይ መሠረት ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው) ከእሱ በታች 1.70 ሜትር ተቆፍሯል ማለት ነው። ሁለት እርምጃ ደግሞ 1.50 ሜትር ቢሆን ነው። ተቆርጧል። ለረጠበ ኮቲቻ 45 ዲግሪ ራሱ ድፍረት ነው።

ይህን ያወቅኩት ቤት አፍርሼ ነው፤ ማለቴ ላፈርስ ትንሽ ሲቀረኝ። በ1996 ዓ.ም. ሌላ ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። ከላውንድሪው ጎን 18 ሜትር ርዝመት በአንድ ቀን አስቆፈርኩ። ለምን? ኤክስካቫተሩ በሰዓት ነው የሚከፈለው፤ ቆሞ ሲውል ሆዴን ያመኝ ነበር። መጋቢት ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ጉድጓዱ አተላ የመሰለ ውሃ ሞልቶ ጠበቀኝ። ፓምፕ ፍለጋ ስራወጥ የላውንድሪዋ እናት መጥተው እጄን ያዙኝና ወደ ውስጥ አስገቡኝ። የኮንክሪት ማጠቢያ ገንዳቸውን አሳዩኝ። ውሃው በአንድ ጫፍ ከንፈሩ ላይ ደርሷል፣ በሌላው ጫፍ አንድ ጣት ጎድሏል። «ትናንት እኩል ነበር» አሉኝ። እኔ ውሃ ልክ በኪሴ ይዤ እዞራለሁ፤ የእሳቸው ገንዳ ቀደመኝ።

ያን ቀን ውሃውን መጥጠን ጉድጓዱን በድንጋይና በአፈር መልሰን ሞላን። የቆፈርኩትን በገዛ እጄ ስደፍን ቀን ሠራተኞቹ ይሳሳቁ ነበር። ላውንድሪው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። ከዚያ አንድ ሜትር እየቆፈርን፣ ሁለት ሜትር እየዘለልን፣ የቆየውን መሠረት ከሥሩ በኮንክሪት እየደገፍን ሄድን። አንዱ ሲጠነክር ወደ ሚቀጥለው። ሁለት ወር በላብን።

ስለዚህ ሲስተር፣ ዛሬውኑ አልጋዎቹ ከዚያ ግድግዳ ይራቁ። ይህ የማንንም ፊርማ አይጠይቅም። ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ያስገቡ፤ በቃል የተነገረ ነገር ሳይት ላይ አቧራ ነው። አማካሪ መሐንዲሱ ራሱ መጥቶ እንዲለካ፣ ጉድጓዱ ከዋርዱ ወገን እስኪደገፍ ድረስ ቁፋሮው እንዲቆም፣ የዋርዱ ጣሪያ አሸንዳ ውሃውን ወደዚያ ጉድጓድ እንዳይደፋ ይጠይቁ። የመጨረሻውን አይናቁት። ብዙ ጊዜ ቁፋሮ ሲጀመር የመጀመሪያው የሚሰበረው የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ ነው፤ ማንም መልሶ አይተክለውም።

ጥያቄ፦ «የማስፋፊያ ኮሚቴ አባል ነኝ፤ ሙያዬ ሒሳብ ነው። የአፈር ምርመራው ጥቁር አፈሩ እስከ አምስት ሜትር ይወርዳል፣ ውሃ በሦስት ሜትር ተገኝቷል ይልና ፓይል (ወደ ጠንካራው አፈር የሚወርድ የኮንክሪት ምሰሶ) ይመክራል። ኮንትራክተሩ ‹ሁለት ሜትር አውጥተን ገረጋንቲ እንሙላ፣ ገንዘብ ይተርፋል› ይላል። ማንን እንመን?» (ከኮሚቴው)

ጋሼ፣ ኮንትራክተሩ ውሸታም አይደለም። ጅማ ውስጥ ጥቁሩን አውጥቶ ገረጋንቲ ወይም ቀይ አሸዋ ሞልቶ የቆመ ቤት ሞልቷል፤ የእኔም ቤት እንደዚያ ነው። ጥቁር አፈሩ አንድ ሜትር ምናምን ሆኖ ከሥሩ ቀዩ ጠንካራ አፈር ከመጣ፣ ጠርጎ አውጥቶ መሙላት የሚያኮራ ሥራ ነው። የእናንተ ግን አምስት ሜትር ነው። ሁለቱን አውጥተው ሦስቱን ከሥሩ ይተዉታል።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኮቲቻ ውሃ አያሳልፍም። ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ በሚያሳልፍ ነገር ሲሞሉት ገንዳ ሠሩ ማለት ነው። ከዙሪያው የሚመጣው የዝናብ ውሃ ገረጋንቲው ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ ሥር ተኝቶ የተረፈውን ሦስት ሜትር ቀስ እያለ ያጠጣዋል። ከተማችን በዓመት ከ1,400 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ገንዳው አይደርቅም። መሙላት ግድ ከሆነ ውሃው በስበት ወጥቶ የሚሄድበት ቦይ አብሮ ይሠራ፤ ወይም ዙሪያው በቀይ ሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ ይታሸግ። ኮንትራክተሩ ዋጋ ሲሰጥ ይህን ጨምሮ እንደሆነ ይጠይቁት። እኔ በሕይወቴ ጨምሮ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው።

የአፈር ምርመራውንም ቢሆን እንደ ሒሳብ ሰነድ ያገላብጡት። ቀዳዳው የተቆፈረው በየትኛው ወር ነው? ጥር ላይ ከሆነ «ውሃ በሦስት ሜትር» ያለው ነሐሴ ላይ ውሸት ነው። ውሃው ወደ ላይ ይመጣል። ቀዳዳው ውስጥ ቀጭን ቀዳዳማ የፕላስቲክ ቱቦ ተክለው ቢተዉት፣ ዘበኛው በየሳምንቱ ሜትር አውርዶ ሊለካው ይችላል። ወጪው የአንድ ምሳ ግብዣ ነው። ደግሞ ቀዳዳው ስንት ነው፣ የት የት ነው? አዲሱ ሕንፃ ከቆየው ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ላይ አንድም ቀዳዳ ከሌለ ጎደሎ ነው። ሪፖርቱ ላይ የሚያዩት «ኤስፒቲ» የሚለው ቁጥር ምሥጢር የለውም፤ 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲሜትር ከፍታ እየተለቀቀ ቱቦውን 30 ሴንቲሜትር ለማስገባት ስንት ምት ፈጀ ነው። ትንሽ ቁጥር፣ ለስላሳ አፈር።

እብጠቱን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ነዎት፣ ላቦራቶሪ አለልዎ። ባለ 100 ሚሊሊትር የመለኪያ ሲሊንደር ይዋሱ። ጥቁር አፈሩን አድርቀው ይውቀጡና በጣም ደቃቅ በሆነ ወንፊት ይንፉት። ከዱቄቱ 10 ሚሊሊትር ለክተው ውሃ በሞላው ሲሊንደር ውስጥ ቀስ ብለው ይልቀቁት። ለነገ ይተዉት። በ24 ሰዓት 15 ላይ ካልደረሰ እፎይ ይበሉ። 20 ከደረሰ፣ ማለትም እጥፍ ከሆነ፣ ቀላል ሕንፃ የሚያነሣ አፈር ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ሳደርግ የላቦራቶሪው ልጅ «ጋሼ፣ የማን ናሙና ነው?» አለኝ። «የግቢያችሁ» አልኩት። በማግስቱ 22 ላይ አገኘነው። ልጁ ለአንድ ሳምንት ወለሉን እያየ ነው የሄደው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርዎ። ባለ አራት ፎቁ አይደለም በኮቲቻ የሚነሣው። ከባድ ነው፤ እግሩ ሥር ያለውን እብጠት ይጫነዋል። የሚነሣው ቀላሉ ነው። የምድር ቤቱ ወለል፣ የቃሬዛ መውጫው፣ የዘበኛ ቤቱ፣ ከሁሉም በላይ አሮጌውንና አዲሱን የሚያገናኘው ኮሪደር። በፓይል ላይ የቆመ ሕንፃ ባለበት ይቆማል፤ ኮሪደሩ መሬት ላይ ተኝቶ ከክረምት ክረምት ይተነፍሳል። መገጣጠሚያው ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ደፍ ይፈጠራል። ለእኔና ለእርስዎ ሁለት ሴንቲሜትር ምንም አይደለም። ሆዷ ተሰፍቶ ከኦፕራሲዮን ክፍል ለወጣች ሴት የቃሬዛው ጎማ እዚያ ደፍ ላይ ሲነጥር ምን እንደሚሆን ሲስተርን ይጠይቋት።

ስለዚህ ዲዛይነሩን ይህን ያስጨንቁት። የምድር ቤቱ ወለል አፈር ላይ የተኛ ነው ወይስ እንደ ላይኛው ፎቅ ወለል (ሶሌታ) በቢም፣ ማለትም በአግድም የኮንክሪት ተሸካሚ፣ ተይዞ የተንጠለጠለ? ከቢሙ ሥር አፈሩ የሚያብጥበት ባዶ ቦታ ተትቷል? አሮጌው እና አዲሱ ተለያይተው፣ ክፍተቱ በሚንሸራተት ብረት ተሸፍኖ ነው የሚገናኙት ወይስ በፌሮ ተሳስረው? ከተሳሰሩ አንዱ ሲሄድ ሌላውን ይጎትታል። የሽንት ቤት ቱቦው ከሕንፃው ሲወጣ የሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ አለው? ከሌለው ይሰበራል፤ ሲሰበር ያፈስሳል፤ ሲያፈስስ አፈሩ ያብጣል፤ ሲያብጥ ሌላ ቦታ ይሰብረዋል። ይህን ዙር ያየሁበት ሆስፒታል ሦስት ጊዜ ነው ወለል ያስቆፈረው።

ፓይል ከሆነ ደግሞ የሚመታ ሳይሆን የሚቦረቦር ይሁን። በመዶሻ የሚመታ ፓይል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አጠገብ አይታሰብም። ማሽኑ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጭኖ፣ የጊቤን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ዋጋው የሚያስደነግጠው። ግን አንዴ ከመጣ የኮሪደሩንም፣ የጄኔሬተር ቤቱንም ፓይል በዚያው አስቦርቡሩ። ለሁለተኛ ጊዜ አይጠራም።

መልሴ፦ አፈር መርማሪውን ይመኑ። የኮንትራክተሩን «ይተርፋል» የኮሪደሩን ዋጋ ጨምረው እንደገና ያስሉት።

ጥያቄ፦ «ሆስፒታሉ አገልግሎት ሳያቋርጥ ነው ግንባታው የሚካሄደው ተብሏል። አስተዳደር ላይ ነው ያለሁት። ከመሬቱ ሌላ ምን ያሳስበኛል?»

ከመሬቱ ሌላ የሚያሳስብዎ መሬት ውስጥ ያለው ነው። በአገራችን የቆዩ ሆስፒታሎች በአንድ ጊዜ የተሠሩ አይደሉም። የጅማው ትልቁ ሆስፒታል መነሻው ጣሊያኖች በ1930 ዓ.ም. ለወታደሮቻቸው ያቆሙት ነው፤ ከዚያ ወዲህ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር፣ በጀት በተገኘ ቁጥር አንድ ብሎክ ሲጨመርበት ኖሯል፤ በየከተማው ያለው የቆየ ሆስፒታል ሁሉ እንደዚያው ነው። ቱቦና ገመዱም እንደ ብሎኮቹ ተጨማምሮ ነው የተቀበረው። ፕላኑ የት ነው ብትሉ ማንም አያውቅም።

የሚያውቅ አንድ ሰው ግን ሁልጊዜ አለ። አንድ ሳይት ላይ ከጽሕፈት ቤት የተሰጠን ፕላን አንድ የውሃ መስመር ብቻ ያሳያል። ቁፋሮ ልንጀምር ስንል ጡረታ ሊወጡ ወራት የቀራቸው የግቢው ቧንቧ ሠራተኛ «ቆይ» አሉ። ኖራ በጣሳ ይዘው መጡ። በዱላቸው መሬቱን መታ መታ እያደረጉ፣ «ይቺ የኩሽናዋ ናት… ይቺ ሞታለች… ይቺን እንዳትነኳት፣ የኦፕራሲዮን ክፍሉ ናት» እያሉ ነጭ መስመር አሰመሩልን። አምስት መስመር። በአካፋ ቀስ ብለን ፈተሽን፤ አራቱ ያሉበት ተገኙ። አምስተኛው ከኖራው አንድ ክንድ ርቆ ነበር፤ ለዚህም ይቅርታ ጠየቁን። የእርስዎም ግቢ እንዲህ ያለ ሰው አለው። ጡረታ ሳይወጣ ይፈልጉት፣ ለሥራውም በወጉ ይክፈሉት፣ ያሰመረውን ደግሞ ወረቀት ላይ ያስገልብጡ።

መብራት፣ ውሃ ወይም ኦክስጅን የሚቋረጥ ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን የሚወስነው ሆስፒታሉ ነው፣ ኮንትራክተሩ አይደለም። በጽሑፍ፣ ቀድሞ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ፈርሞበት። ከመቁረጥ በፊት ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ጭነት ይዞ ይታይ፤ የኦክስጅን ሲሊንደር ዋርዱ ውስጥ ቆሞ ይታይ። «ጄኔሬተር አለን» ማለትና ጄኔሬተሩ ናፍጣ አለው ማለት አንድ አይደለም።

አቧራው ቀልድ አይደለም። አፈር ሲቆፈርና አሮጌ ግድግዳ ሲፈርስ አስፐርጊለስ የሚባል ሻጋታ ዘሩ በአየር ይበተናል። ጤነኛ ሰው በየቀኑ ይተነፍሰዋል፣ ምንም አይለውም። የካንሰር መድኃኒት ለሚወስድ፣ የመከላከል አቅሙ ለወረደ ሕመምተኛ ግን ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሊገድል ይችላል። እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ከቁፋሮው ወገን ካለ ክፍል ይውጡ። የዚያ ወገን መስኮት ይታሸግ። በውስጥ የሚፈርስ ግድግዳ ካለ ከወለል እስከ ጣሪያ ወፍራም ላስቲክ ተወጥሮ፣ አየሩ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ዋርድ እንዳይገፋ ማራገቢያ ይገጠምለት። ፍርስራሽ የሚወጣበትና ምግብ የሚገባበት በር አንድ መሆን የለበትም። ይህን አይቻለሁ፤ የአጥሚት ባልዲና የፍርስራሽ ጋሪ አንድ በር ላይ «እለፍ፣ አንተ እለፍ» ሲባባሉ።

አቧራ ለማስተኛት ውሃ ይረጫል። መርጨት ነው እንጂ ማጠጣት አይደለም። ከአሮጌው ግድግዳ ሥር ቦቴ ሙሉ ውሃ ያፈሰሰ ሰው ለሲስተር የጻፍኩትን ያንብብ።

አስታማሚዎችንም አይርሱ። ከገጠር የመጣ ቤተሰብ ግቢው ውስጥ ያድራል፣ ያበስላል፣ ልብስ ያሰጣል። ቦታቸው በአጥር ሲወሰድ ሌላ ጥግ ካልተሰጣቸው፣ ማታ ላይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሾልከው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው የሚተኙት።

ጥያቄ፦ «ዘንድሮ ተመርቄ ሳይት የገባሁ ነኝ። የሥራ መርሐ ግብሩ ላይ የመሠረት ቁፋሮ ሚያዝያ ይጀመራል ይላል። ሳይት ማናጀሩን ልቃወም?»

ተቃወም ልጄ፣ ግን በጨዋ ደንብ። ጅማ ላይ ዝናቡ ክረምትን አይጠብቅም፤ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ መስከረም፣ አንዳንዴ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ኮቲቻ ውስጥ የመሠረት ሥራ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። አራት ወር አለህ።

ማናጀርህ የማይነግርህ ሌላው ችግር ሰው ነው። ዝናቡ ሲያቆም ቡናው ይቀላል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቀን ሠራተኛ ወደ ጎማ፣ ወደ ሊሙ፣ ወደ ማና ወረዳዎች ለቡና ለቀማ ይሄዳል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ 40 ሰው ይጠብቅህ የነበረው አሥር ይሆናል፤ ካፖው (የቀን ሠራተኞቹ አለቃ) ራሱ «አያቴ ታመዋል» ብሎ ይጠፋል። አያቱ ቡና አላቸው። ስለዚህ የማሽን ሥራውን ለኅዳር አድርገው፣ የእጅ ሥራውን፣ ፌሮ ማሰርና ፎርምወርክ (ኮንክሪቱ የሚፈስበትን የእንጨት ቅርጽ) መምታቱን፣ ወደ ታኅሣሥና ጥር ግፋው። ቁፋሮ ደግሞ በዚያ ሳምንት ኮንክሪት የምትሞላውን ያህል ብቻ ክፈት። የጉድጓዱ ታች ከመድረቁም ከመርጠቡም በፊት በዚያው ቀን አምስት ሴንቲሜትር ሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው የሳሳ ኮንክሪት) አልብሰው።

ጥያቄ፦ «ቤቴ ከሆስፒታሉ አጥር በታች ነው። ግንባታው ከተጀመረ ወዲህ ጎርፉ በእኔ ግቢ ያልፋል፣ የማድ ቤቴ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ልጄ አጥሩ ሥር ያሉት ባሕር ዛፎች ናቸው መሬቱን ያደረቁት፣ እንቁረጣቸው ይላል።»

እናቴ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ከላይ ጅሬን ላይ ነው የሠሩት። እኛ ከታች ወደ አዌቱ ወንዝ ወረድንና ውሃው ሁሉ የእኛ ሆነ። ጎርፉን በስልክ ቪዲዮ ያስቀርጹ፣ ሲዘንብ፣ ከየት እንደሚገባ እንዲታይ። የማድ ቤቱን ስንጥቅም ከአጠገቡ ማስመሪያ ይዘው ፎቶ ያንሡት። ይህን ይዘው ቀበሌና የከተማው ግንባታ ፈቃድ ክፍል ይሂዱ። ኮንትራክተሩ ውሃውን በቦይ ይዞ ወደ መንገዱ ማፍሰሻ የማውረድ ግዴታ አለበት። እስከዚያው እርስዎ ራስዎ በግድግዳዎ ሥር ቦይ አይቆፍሩ፤ ጎርፉን መሠረቱ ላይ መጋበዝ ነው። ከግድግዳው አራት አምስት ሜትር ራቅ አድርገው፣ ከአጥሩ ወገን ይቁረጡት።

ልጅዎ ስለ ባሕር ዛፍ ያለው እውነት አለው፤ በበጋ ኮቲቻን ይመጠምጠዋል። ግን አሁን ከቆረጣችሁት ያ ለዓመታት የደረቀ አፈር ውሃውን መልሶ ይጠጣና ያብጣል፤ ማድ ቤቱን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። የምትቆርጡ ከሆነ ቀስ በቀስ፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት፣ ከቤቱ ከራቁት ጀምራችሁ ነው። ዘንድሮ ቅርንጫፋቸውን ብቻ ከርክሙ።